የሂት ፓምፕ ገደብ የሻጭ ማስፈራሪያ አይደለም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በሰሜን ሸዋ ሆቴልና ማረፊያ ቤት ባላቸው ሰዎች፣ ቤት በሚያሠሩ ቤተሰቦችና በእኛ በጥገና ባለሙያዎች መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ በአንድ ሳምንት አራት ደንበኞች ልከውልኛል። ሁለቱ «እስኪ አንተ ምን ትላለህ?» ብለው ነው፤ ሁለቱ ግን «በዚህ መሠረት አስተካክልልን» ብለው። ይህን ምላሽ ያስጻፈኝ የኋለኞቹ ጥያቄ ነው።

የጽሑፉ ጉዳይ ከአየር ሙቀት ወስዶ ውኃ የሚያሞቀው ሂት ፓምፕ ነው። አሠራሩ ከፍሪጅ አይለይም። ፍሪጅ ከሆዱ የወሰደውን ሙቀት በጀርባው እንደሚያወጣ ሁሉ፣ ይህም ከደጅ አየር የሰበሰበውን ሙቀት በቧንቧው ውስጥ በሚዞር ጋዝ አማካይነት ለውኃ ያስረክባል። ለምን እንደተወደደም ግልጽ ነው። 200 ሊትር ውኃ ከ15 ወደ 55 ዲግሪ ለማድረስ ከ9 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ጉልበት ያስፈልጋል። ተራው የኤሌክትሪክ ቦይለር ይህን ሁሉ ከቆጣሪው ይወስዳል፤ ደህና የሚሠራ ሂት ፓምፕ ግን ሲሶውን ያህል ብቻ ከቆጣሪው ወስዶ የቀረውን ከአየር ያመጣል። እኔም ይህን ማሽን የምወደው ለዚህ ነው። የማይሆን ምክር ሲሰጥበት ዝም ማለት ያልቻልኩትም ስለምወደው ነው።

ጸሐፊው የሚሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። በመመሪያው ላይ የተጻፈው የውኃ ሙቀት ገደብ አምራቹ ከዋስትና ለማምለጥ ያስቀመጠው ነው፤ ስለዚህ 55 የሚለውን 65 ማድረግ ይቻላል ይላሉ። የእኛ ደጋ እንደ አውሮፓ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ስለማይደርስ የብርድ ገደብ አይመለከተንም፤ በቆላ ደግሞ አየሩ በሞቀ ቁጥር ማሽኑ ይሻለዋል ይላሉ። ጋዙ በዝግ ቧንቧ ስለሚዞር የቦታ ከፍታ ምንም አይለውጥም ይላሉ። ማሽኑ ያለ ምክንያት የሚቆመው መቆጣጠሪያዎቹ «ስለሚበረግጉ» ነው፤ የመቆጣጠሪያውን ሽቦ አገናኝቶ ማለፍ፣ የምታንጠባጥበውንም ሴፍቲ ቫልቭ (ከጋኑ ትርፍ ግፊት የምታስወጣውን) መድፈን መፍትሔ ነው ይላሉ። በመጨረሻም ሌሊት ከሶኬቱ መንቀል መብራት ይቆጥባል ይላሉ።

ጽሑፉ ለምን እንደተወደደ ይገባኛል። መመሪያዎቹ በአማርኛ አይመጡም፤ በእንግሊዝኛ ያለውም ብዙ ጊዜ ከሌላ ቋንቋ በጥድፊያ የተመለሰ ነው። አንዳንድ ሻጮችም በእርግጥ ገደብን ለማስፈራሪያ ይጠቀሙበታል። እዚህ ላይ ጸሐፊው እውነት አላቸው። ከዚህ እውነት ተነሥተው የደረሱበት ድምዳሜ ግን ማሽን የሚገድል፣ አንዳንዱም ሰው የሚጎዳ ነው።

ከ55 እና ከ65 ልጀምር። ገደቡ የተጻፈው በወረቀቱ ላይ ይሁን እንጂ የሚኖረው በጋዙ ውስጥ ነው። ጋዝ ሙቀቱን ለውኃ የሚሰጠው ከውኃው ጥቂት ዲግሪ ሞቆ ሲገኝ ብቻ ነው፤ በሞቀ ቁጥር ደግሞ ግፊቱ ይጨምራል። በብዙ ማሽኖች ውስጥ የሚገኘው አር-410ኤ የተባለው ጋዝ በ55 ዲግሪ ወደ ፈሳሽ ሲለወጥ ግፊቱ 34 ባር ገደማ ነው። በ60 ዲግሪ ወደ 38 ይወጣል፤ በ65 ከ42 ያልፋል። የመኪና ጎማ ከ2 እስከ 3 ባር እንደሚይዝ ያሰበ ሰው 42 ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። በዚህ ጋዝ በሚሠሩ ማሽኖች፣ ግፊቱ ከመጠን ሲያልፍ ማሽኑን የሚያቆመው መቁረጫ በተለምዶ እዚሁ አካባቢ ላይ ነው የሚስተካከለው። ውኃውን 65 ለማድረስ ጋዙ ከ65 በላይ መሞቅ አለበት፤ ስለዚህ ማሽኑ ይቆርጣል። ከዚህም ሌላ ይህ ጋዝ 71 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ጨርሶ ወደ ፈሳሽ መለወጥ ያቆማል። ይህን አምራች አላወጣውም፤ የጋዙ ተፈጥሮ ነው።

ጸሐፊው ግን «70 ዲግሪ የሚሰጥ ማሽን በዓይኔ አይቻለሁ» ብለዋል። አምናቸዋለሁ። ያዩት ማሽን በአር-290 ማለትም በፕሮፔን የሚሠራ ሳይሆን አይቀርም። ፕሮፔን በ70 ዲግሪ 26 ባር ገደማ ብቻ ነው ግፊቱ፤ ስለዚህ በእርሱ የተሠሩ ማሽኖች 70 እና ከዚያ በላይ የሚፈቅዱ አሉ። የአንዱን ማሽን ቁጥር ወስዶ ለሌላው መስጠት ግን የናፍጣን መኪና ቤንዚን እንደ መሙላት ነው። ከማሽኑ ጎን የተለጠፈው ብረት ላይ የጋዙ ስም ተጽፏል። መጀመሪያ እርሱ ይነበብ። ፕሮፔን ከሆነ ደግሞ ሌላ ገደብ አብሮት ይመጣል፤ የቡታጋዝ ዘመድ ነውና ይቀጣጠላል። ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ስለሚከብድ ሲያፈስ ወደ ታች ወርዶ ይተኛል። ማሽኑን ከቦይ አፍ፣ ከጉድጓድ ወይም ከምድር ቤት መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ የማይገባው ለዚህ ነው። ስለ 70 ዲግሪ ያወራው ጽሑፍ ስለዚህ አንድ መስመር እንኳ አልጻፈም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ የጽሑፉ ትልቁ ስሕተት ይህ ይመስለኛል። ገደብ አንድ ቁጥር አይደለም። የደጁ አየርና የውኃው ሙቀት አንድ ላይ ሆነው የሚወስኑት ነው። አየሩ 20 ዲግሪ ሲሆን ጋዙ ደጅ ላይ በ10 ዲግሪ ሊተን ይችላል፤ ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕረሰርም ከ11 ባር ወደ 38 ባር ማለትም ሦስት ተኩል እጥፍ ብቻ ይጨምቃል። አየሩ ወደ ዜሮ ሲወርድ ጋዙ የሚተነው ከዜሮ በታች 10 ገደማ ላይ ነው፤ ኮምፕረሰሩ አሁን ከ6 ባር በታች ያለውን ወደዚያው 38 ሊያደርስ ከስድስት እጥፍ በላይ መጭመቅ አለበት። ከኮምፕረሰሩ የሚወጣው ጋዝ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ አልፎ ይሄዳል፣ ዘይቱ ይሳሳል፣ ቆይቶም ይቃጠላል። ስለዚህ ያው 60 ዲግሪ በቀትር ቀላል፣ ሊነጋጋ ሲል ደግሞ ከባድ ሸክም ነው። በቀን ሞክሮ «ይኸው ሠራ» ያለ ሰው ማሽኑን ገና አልፈተነውም።

ለብ ያለ ውኃ ለጤና ጥሩ አይደለም ያሉት ግን ልክ ናቸው፤ ይህን በደስታ እቀበላለሁ። ሌጂዮኔላ የተባለው ሳንባን የሚያጠቃ ባክቴሪያ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ውኃ ውስጥ ይራባል። ማሽኑ ግን ለዚህ መፍረስ የለበትም። ብዙዎቹ ጋኖች የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ዘንግ አላቸው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ሂት ፓምፑ እስከሚችለው ያሞቅና የቀረውን እስከ 60 ዘንጉ ይጨርሰው። የ60 ዲግሪ ውኃ በአምስት ሴኮንድ አካባቢ ቆዳ ስለሚያቃጥል፣ ሕፃናት ባሉበት ቤት ከጋኑ መውጫ ላይ ቀዝቃዛውን የሚቀላቅል ቫልቭ ይደረግ።

ወደ ብርዱ ልሂድ። በእርግጥ ደብረ ብርሃን ላይ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አይመጣም። ይሁን እንጂ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለውን ያወጣው ሕዝብ ብርድን የማያውቅ ሕዝብ አይደለም። ሰማዩ ጥርት ባለበት በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት መሬቱ፣ ቆርቆሮውና ቧንቧው ሙቀታቸውን ወደ ሰማይ ይለቁና ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛሉ። ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በላይ 2 ዲግሪ እያሳየ ሣሩ ላይ ውርጭ የሚነጣው ለዚህ ነው፤ ባቄላው በውርጭ የተመታበት ገበሬ ይህን ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። ደጅ የወጣ የውኃ ቧንቧም እንደ ባቄላው ነው።

ከዚያም በላይ፣ ለዚህ ማሽን አስቸጋሪው ብርድ ደረቁና ጽኑው አይደለም፤ እርጥቡና መለስተኛው ነው። ከማራገቢያው ጀርባ ያለው ራዲያተር መሰል አካል፣ ኢቫፖሬተር የምንለው፣ ሲሠራ ከአየሩ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ዝቅ ይላል። አየሩ 5 ዲግሪ ሆኖ እርጥበት ካለው ክንፎቹ ከዜሮ በታች ይሆናሉ፣ ውኃው እነርሱ ላይ ይረጋል። በጣም በረዷማ አገር ያለው አየር ደረቅ ስለሆነ የሚረጋውም ጥቂት ነው። ጣርማ በር ላይ ጉሙ በወረደ ጠዋት ክንፎቹን ያየ ሰው ልዩነቱን ያውቃል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ በስስ ነጭ በረዶ ተሞልተው በመካከላቸው አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ አይተርፍም። ያን ጊዜ ማሽኑ ሥራውን ገልብጦ፣ ካሞቀው ውኃ ሙቀት መልሶ ወስዶ በረዶውን ያቀልጣል። ይህን መገልበጥ ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ ቆላው በአጭሩ፦ አየሩ ሲሞቅ ማሽኑ ይሻለዋል የሚለው እስከ አንድ ደረጃ ልክ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ኮምፕረሰሩ የሚገባው ጋዝ እየወፈረ ሞተሩን ከአቅሙ በላይ ያሠራዋል። ውኃ ሲያሞቁ የአየር ጣሪያቸው 35፣ ሌሎቹ 43 ዲግሪ የሆኑ ማሽኖች አሉ። ሸዋ ሮቢት ላይ ፀሐይ በቀጥታ ከሚያርፍበት የኮንክሪት ሰገነት ላይ የተተከለ ማሽን የሚስበው አየር የከተማውን ሙቀት ሳይሆን የሰገነቱን ነው። ጥላ ይደረግለት።

ከፍታን በተመለከተ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ጋዙ በዝግ ቧንቧ ስለሚዞር በውስጡ ያለው ግፊት ደብረ ብርሃንም ሆነ ጅቡቲ ያው ነው። ማራገቢያው የሚስበው አየር ግን ዝግ አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ውኃችን 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ፈልቶ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል የሚያስቸግሩን በዚህ ምክንያት ነው። በባሕር ዳርቻ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ እኛ ጋ 0.9 ኪሎ ገደማ። ማራገቢያ የሚገፋው በሜትር ኩብ እንጂ በኪሎ አይደለም፤ ሙቀት የሚሸከመው ግን ኪሎው ነው። ስለዚህ ያንኑ ያህል ሙቀት ለማግኘት ኢቫፖሬተሩ ይበልጥ መቀዝቀዝ አለበት። በረዶው ቀድሞ ይመጣል፣ አቅሙም ይቀንሳል። ካታሎጉ ላይ 8 ኪሎዋት የሚል ማሽን መሐል ሜዳ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ 8 ኪሎዋት ይሰጣል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። የኤሌክትሪክ ሰሌዳውንም የሚያቀዘቅዘው ይኸው ስስ አየር ነው፤ ብዙ ሞተሮችና መቆጣጠሪያዎች እስከ 1,000 ወይም እስከ 2,000 ሜትር ታስበው የሚሠሩ ናቸው። ለደጋ የሚገዛ ሰው ሻጩን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «እስከ ስንት ሜትር ከፍታ ይሠራል?» ብሎ ነው።

አሁን ዋናው ላይ ደርሻለሁ፤ ሽቦ አገናኝቶ ስለማለፍ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በኅዳር ወር ደብረ ብርሃን ውስጥ ወደ አንድ ማረፊያ ቤት ተጠራሁ። ውኃው አልሞቅ ብሏል። የማሽኑን የጎን ክዳን ስፈታ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ተጠማዝዘው በጥቁር ቴፕ በተጠቀለሉ ሁለት ሽቦዎች ላይ ነው። የውኃ ፍሰት መቆጣጠሪያው ሽቦዎች ነበሩ፤ መቆጣጠሪያው ራሱ ጎን ላይ ተንጠልጥሏል። ከዚያ የውኃ ማጣሪያውን ፈታሁት። የወንፊቱ ጽዋ በቀይ ዝቃጭና ቧንቧ ሠራተኛ መገጣጠሚያ ላይ በሚጠቀልለው ቃጫ ብጥስጣሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። በመጨረሻ ከኮምፕረሰሩ ጥቂት ዘይት ቀዳሁ። ንጹሕ ዘይት እንደ ማር ጠብታ የጠራ ነው፤ ይህ ግን ወተት የገባበት ሻይ መስሎ ወጣ። ዘይቱ ውስጥ ውኃ ገብቷል ማለት ነው። ባለቤቷ እናት አጠገቤ ቆመው «ልጄ፣ በፊት በየሰዓቱ ይቆም ነበር፤ ሰውዬው ካስተካከለው ወዲህ እኮ አንድም ቀን አልቆመም» አሉኝ። እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው ጨነቀኝ። ሰውዬው እንዳይቆም አደረገላቸው እንጂ ለምን እንደሚቆም አልፈለገም።

የሆነው እንዲህ ነው። 8 ኪሎዋት የሚሰጥ ማሽን ውኃውን በአንድ ዙር 5 ዲግሪ ለማሞቅ በደቂቃ 23 ሊትር ያህል ውኃ ማለፍ አለበት። ማጣሪያው ሲደፈን ፍሰቱ ቀነሰ፤ መቆጣጠሪያውም ይህን አይቶ ማሽኑን አቆመ። ሥራው ነውና። ሽቦው ሲገናኝ ማሽኑ ያለ በቂ ውኃ መሥራቱን ቀጠለ። አንድ ቀን ሊነጋ ሲል ኢቫፖሬተሩ በረዶ ያዘና ማሽኑ ሥራውን ገለበጠ። ቀደም ሲል ልብ በሉልኝ ያልኩት ይህ ነው። በዚያ ሰዓት በረዶውን የሚያቀልጠው ሙቀት የሚመጣው ስስ የብረት ሳህኖች ተደራርበው ከተበየዱበት ሙቀት መለዋወጫ ውስጥ ካለው ውኃ ነው። ውኃው ከተንቀሳቀሰ ምንም አይሆንም። ከቆመ ግን በደቂቃዎች ውስጥ እዚያው ሳህኖቹ መካከል ይረጋል። ውኃ ሲረጋ ዘጠኝ በመቶ ያህል ይሰፋል፤ ሳህኑ ይሰነጠቃል፣ ጋዙ ወደ ውኃው፣ ውኃው ወደ ጋዙ ይገባል። ይህ እንዲሆን የደጁ አየር ከዜሮ በታች መውረድ እንኳ አላስፈለገውም። ማሽኑ በፕሮፔን የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ጋዙ በውኃው መስመር ተጉዞ እንግዶች በሚተኙበት ክፍል የአየር ማስወጫ በኩል ሊወጣ ይችል ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል።

ኮምፕረሰሩም ሙቀት መለዋወጫውም አልተረፉም። ማጣሪያ ማጠብ የአሥራ አምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ጸሐፊው ስለሚያንጠባጥበው ሴፍቲ ቫልቭ የሰጡት ምክር ደግሞ ከዚህም ይብሳል። 200 ሊትር ውኃ ከ15 ወደ 55 ዲግሪ ሲሞቅ 2.7 ሊትር ያህል ይጨምራል። ወደ ሮቶው የሚመለስበት መንገድ በአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ከተዘጋና ትርፉን ውኃ በውስጡ ባለው አየር ላይ የሚቀበል ማስፋፊያ ጋን ከሌለ ወይም አየሩ ካለቀ፣ ያ ውኃ መውጫው ያቺ ቫልቭ ብቻ ናት። የምታንጠባጥበው ተበላሽታ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ በአዲስ ትለወጥ። ብዙ ጊዜ ግን የምታንጠባጥበው በትክክል ስለምትሠራ ነው። እርሷን መድፈን ጋኑን ቦምብ ማድረግ ነው። ከመላው ጽሑፍ ይህ አንድ መስመር ብቻ እንኳ ቢወጣ ጸሐፊውን አመሰግናለሁ።

ሌሊት ከሶኬቱ ስለ መንቀልም እንዲሁ ነው። መቆጠብ ያሰበ ሰው ሰዓቱን በማሽኑ መቆጣጠሪያ ላይ ይሙላ፤ ቀትር ላይ አየሩ ሲሞቅ እንዲያሞቅ ማድረግ በእርግጥ ይቆጥባል፣ እኔም እመክራለሁ። ነገር ግን ማሽኑ ከሶኬቱ ካልተነቀለ፣ ተኝቶም ቢሆን የውኃውን ሙቀት እያየ ሊረጋ ሲል ፓምፑን ያዞራል። የነቀለው ሰው ይህን ጠባቂ አሰናብቶታል። ደግሞስ እኛ ባንነቅለው መብራቱ ራሱ ይሄድ የለም? ስለዚህ ውኃ እስከ ደጅ የሚወጣበት ማሽን ደጋ ላይ ሲተከል መብራት የማይፈልግ መከላከያ አስቀድሞ መታሰብ አለበት። አንዱ መንገድ ዝግ በሆነው የማሞቂያ መስመር ውስጥ ውኃው እንዳይረጋ የሚያደርገውን ፕሮፒሊን ግላይኮል መጨመር ነው፤ ከመቶ 25 እጅ ሲሆን እስከ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ አካባቢ ይከላከላል። ለመኪና ራዲያተር የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ኤቲሊን ግላይኮል ስለሆነ መርዝ ነው፤ የሰው መታጠቢያና መጠጥ ውኃ አጠገብ አይድረስ። ሌላው መንገድ ውኃው 3 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ራሱ ተከፍቶ የሚያፈስ የውርጭ ቫልቭ ነው። ሁለቱ አብረው አይደረጉም፤ ቫልቩ ግላይኮሉን ያፈሰዋልና። ከነጭራሹ ለማምለጥ የፈለገ ደግሞ ደጅ የሚወጣው ጋዝ ብቻ የሆነበትን፣ ውኃው ቤት ውስጥ የሚቀርበትን ዓይነት ይግዛ።

መብራቱ ሲመለስም ሌላ ገደብ አለ። ብዙ ማሽኖች ከ220 ቮልት አሥር በመቶ ወዲህና ወዲያ ይታገሣሉ፤ ከ198 እስከ 242 ማለት ነው። በማታ ሰዓት መብራቱ ደብዘዝ በሚልበት ሰፈር ስታብላይዘር ሳያደርጉ ኮምፕረሰር ማስነሣት፣ በተለይም ከቆመ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ሳይሞላው፣ ሞተሩን ማቃጠል ነው።

«በዚህ መሠረት አስተካክልልን» ያሉኝ ሁለቱ ደንበኞቼ ዘንድ ባለፈው ቅዳሜ ሄጃለሁ። የአንደኛው ማሽን አር-410ኤ ነው፤ ራሱ 65 ላይ አድርጎት በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ይቆርጥ ነበር። ወደ 50 መለስኩት፣ የሳምንቱን 60 ለማሞቂያ ዘንጉ ሰጠሁት። የሁለተኛዋ ፕሮፔን ስለሆነ 60 ላይ ተውኩላት፤ ነገር ግን ማሽኑ ከቦይ አፍ አጠገብ ስለተተከለ ቦታውን መቀየር አለብን፣ ለዚያም ግንበኛ ይመጣል። የሁለቱንም ማጣሪያ አጠብኩ። ከሁለተኛዋ ውስጥ አሁንም ቃጫ ወጣ።